የጓደኛዬ ጥያቄ፣ የእኔ እጅ

በፈረንሳይኛ ክፍል ውስጥ "ጠያቂዋ" የምባለው እኔ ነበርኩ። ጠረጴዛ በፈረንሳይኛ ለምን ሴት እንደምትሆን የጠየቅኩት እኔ፤ አንድን ሰው እያናገሩ ለምን "እናንተ" እንደሚሉት የጠየቅኩትም እኔ። መምህራችን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው "ጥያቄ ማለት ይኼ ነው" ሲሉኝ ደስታው ጆሮዬን ያሞቀው ነበር።

ጥያቄዎቹ ግን አጠገቤ የምትቀመጠው የጓደኛዬ ናቸው። ከጉቴ መጥታ እዚህ ባኬ ጃማ ሰፈር አክስቷ ቤት ትኖራለች። አማርኛ ስትናገር ወንዶቹ ስለሚስቁባት ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም። አንድ ነገር ሲከነክናት ክርኔን ቆንጠጥ አድርጋ "ማሊፍ?" ትለኛለች፤ ለምን ማለቷ ነው። እሷ በኦሮምኛ ታንሾካሹክልኛለች፣ እኔ በአማርኛ አሳምሬ እጄን አወጣለሁ። ምስጋናውን ይዤ ስቀመጥ እሷ መልሱን በማግኘቷ ብቻ ፈገግ ብላ ትጽፋለች። ያ ፈገግታ ያሳፍረኝ ነበር፤ ቢሆንም አልተውኩም።

አንድ ቀን መምህራችን መጻሕፍቱ ስለማይበቁ ከፋሲካ በኋላ ተማሪ እንደሚቀንሱ ነገሩን። የማይጠይቅ አልገባውም ማለት ነው፣ ቦታውን ይለቃል አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እሷን ነበር።

በማግስቱ ቆነጠጠችኝ። ፈረንሳዮች አላደርግም ለማለት ከግሡ ፊትም ከኋላም ቃል የሚጨምሩት ለምንድን ነው? ይህንንም እኔ ከጠየቅኩላት ቦታዋን ልታጣ ነው፤ እጄን ጭኔ ሥር ከተትኩ። ደግማ ቆነጠጠችኝ። ተነሥቼ የእስካሁኑም ጥያቄ ሁሉ የእሷ ነው ልል ፈልጌ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ሰሌዳው ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ።

መምህራችን ሰሌዳውን ሊያጠፉ ሲዞሩ ብድግ አለች። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው። ከኋላ ወንዶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

"እኛስ 'አልሄድም' ስንል ከፊትም ከኋላም አይደል የምናስረው?" አሏትና ቦታዋን እንደማትለቅ ነገሯት። ቀጥለው እኔን አዩኝ። "ይህን አጠያየቅ ግን አውቀዋለሁ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ትራመድ ነበር። ባኬ ጃማ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቆም አለች።

"ፈርተሽ ነው ወይስ ሆን ብለሽ?"

ሁለቱም ነው አልኳት። ትንሽ አየችኝና ክርኔን ቆነጠጠችኝ፤ የአሁኑ ግን አያምም።

"በይ ነገ የራስሽን ጠይቂ።"

እስከ ቤቴ ድረስ የራሴ የሆነ አንድ ጥያቄ ስፈልግ ሄድኩ። የሚቀነሰው ተማሪ እኔም ልሆን እንደምችል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።