ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን

ጋዲሳ በቦሌ ሚካኤል ሰፈር የታወቀ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን የገዛ አባቱን ድምፅ በገዛ እጁ ቆልፎ ላብ ያጠምቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈሩ የነባር ገበሬዎች እድር አዳራሽ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ጋዲሳ ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነበትና የሽማግሌዎቹን ጨዋታ እየቀዳ አስቀመጠበት፦ የማን ሽምብራ የት እንደነበር፣ የትኛው ፎቅ በማን አውድማ ላይ እንደቆመ። ባለሙያዎቹ ሰርቪስ የሚሉት፣ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም ድምፆቹን አሽጎ ይይዛል፤ እሱ ካልተነሳ አይከፈቱም። የማሽኑ ጠባቂ አባቱ ጋሽ አብዲሳ ነበሩ። ማሳቸው ከተማ ሆኖ ቢሄድባቸውም "ይቺን እንኳ ማንም አይወስዳትም" ይሉ ነበር። ካረፉ እነሆ ሦስት ዓመት ሞላቸው። እናቱ ደሪቱ በየሙት ዓመቱ ዘመድ ሰብስበው የባላቸውን ድምፅ ያሰማሉ። ቀኑ ደግሞ ዛሬ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ጋዲሳ ለዛሬ ማሽኑን ላሳምረው ብሎ ትናንት የፕሮግራሙን አዲስ ስሪት በፍላሽ አምጥቶ ጫነ፤ የድሮውን ሳያስቀር። ዛሬ ሰርቪሱ አልነሳም አለ። የፋይሎቹን ፈቃድ አየ፣ ቅንብሩን አየ፣ ስድስት ጊዜ አጥፍቶ አበራ። አሁንም ቀይ ጽሑፍ።

"ምነው ልጄ፣ አባትህ ዛሬ አይናገርም?" አሉ ደሪቱ ከአግዳሚው ላይ።

"ይናገራል አዴ፣ ትንሽ ታገሺኝ።"

ማሽኑ የሚሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ነበር የሚለው፦ የኮምፒውተሩ ቀን እኔ ከተሠራሁበት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል፣ አልነሳም። ጋዲሳ ቀኑን አየ። ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ ሦስተኛ ወር። ኅዳር፣ በእኛ አቆጣጠር! ፕሮግራሙ ግን በፈረንጅ ቆጥሮት ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ መስሎታል። ብቻውን ሳቀ። አቤት አባቱ! "ማሽኑ የሚኖረው እዚሁ ቦሌ ነው፤ የፈረንጅ ዘመን ምን ይሠራለታል?" ብለው ተከራክረውት ነበር። የወሮቻችን ቀን ብዛት ከፈረንጆቹ ጋር ስለማይገጥምም በየመባቻው ቀኑን በእጃቸው ያስተካክሉ ነበር። ጳጉሜ ስትመጣ ማሽኑ እሷን ስለማያውቃት "ይረፍ" ብለው እስከ እንቁጣጣሽ ያጠፉታል። የድሮው ፕሮግራም ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል፤ አዲሱ ግን ቀን ይመረምራል።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። መዝገቡ ላይ ቀኑ በእጅ የተስተካከለበት ጊዜ ሁሉ ተጽፏል። የመጨረሻው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው፣ ኅዳር አንድ። ከዚያ በፊት ጥቅምት አንድ፣ መስከረም አንድ። አባቱ ካረፉ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር አልተዘለለም።

"አዴ፣ ይህን ቀን የሚያስተካክለው ማነው?"

"እኔ ነኛ! አባትህ ሲያደርግ አላይም ነበር? ቁጥር እንደሆነ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምሬያለሁ። በየወሩ ልደታን ስሜ ስመለስ ጎራ እላለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ምን ብዬ? የእኔና የእሱ ጉዳይ ነው።"

ጋዲሳ ወንበሩን ወደ እናቱ አዞረ። ዘመዶች ግን በር ላይ ደርሰዋል። ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለወጠና ሰርቪሱን አስነሳ። በአንዴ ተነሳ። ጋሽ አብዲሳ ከድምፅ ማጉያው ሳል አሉ፤ የሚያርፍ አውሮፕላን እስኪያልፍ ጠበቁና፣ ከወንዙ ማዶ ስለነበረው ማሳቸው ቀጠሉ። ደሪቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ከባላቸው ጋር እኩል ያንቀሳቅሱ ነበር።

ሲያልቅ ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብለው ቁጥሩን አዩ።

"ለወጥከው?"

"አዎ አዴ። ከእንግዲህ ራሱ በትክክል ይቆጥራል፤ አንቺ አትደክሚም።"

ደሪቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ታዲያ በመባቻ ምን ብዬ ልምጣ?" አሉት።