ባጃጅ ከነሰሌዳው

ወንድሜ ታፔላ ጻፊ ነበር። ከዘነበወርቅ እስከ ዓለም ባንክ ስንቱ ሱቅ፣ ስንቱ ሥጋ ቤት፣ ስንቱ ጋራዥ ስሙን ያገኘው በእሱ እጅ ነው፤ የሚታተም ባነር መጥቶ ብሩሹን እስኪያስጥለው ድረስ። እኔ ዓለም ባንክ ላይ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። የሷንም ታፔላ የጻፈው እሱ ነው፦ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን። «ላሚኔሽን»ን ከሁሉም አስበልጦ በቀይ ነው የጻፋት። ዛሬ ሱቄን ስከፍት ወደዚያች ቃል ቀና ብዬ አላይም።

ብሩሹን ከጣለ በኋላ ሥራው ኮሚክ መሰብሰብ ሆነ። ሥራ ካልነው። ታሪኩ በሥዕል የሚነገርባቸው የፈረንጅ መጽሔቶች ናቸው። መርካቶ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ከሚሸጡት ዘንድ ይሄድና የለውዝ መጠቅለያ ከመሆናቸው በፊት ከክምሩ ውስጥ ይመዛቸዋል። ቆሼ የምትሠራ አንዲት ሴትም ሥዕል ያለበት ወረቀት ስታገኝ ለብቻ ታስቀምጥለት ነበር። አምጥቶ ጥላ ላይ ያናፍሳል፣ በደረቅ ብሩሽ ይጠርጋል፣ ገጽ ይቆጥራል። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም፤ «ፊደሏን እያት፣ በእጅ እኮ ነው የተጻፈችው» ይለኛል። የሚኖርባት አንዲት የቀበሌ ክፍል ሞልታ መራመጃ አልነበራትም። «ጋሼ፣ ለሚስት ቦታ እኮ አልተውክም» ስለው፣ «ሚስት ካለች ድስት አለ፣ ድስት ካለ እንፋሎት አለ። እንፋሎት ወረቀት ይገድላል፣ ሚጢ» ይለኛል። ሀምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሚጢ ነው ያለኝ።

ከሁሉ የሚያብደው ለመንታ ነው። መንታ የሚለው የራሳቸው ቃል ነው፣ የሱና የጓደኛው። አሳታሚው አንዱን ቁጥር ያትምና ለጥቂቱ ብቻ ሌላ ሽፋን ያለብሰዋል። ውስጡ ያው ታሪክ፣ ያው ገጽ ነው፤ ልዩነቱ ከላይ ነው። በጥቂቱ የታተመችው መንታ ትባላለች፤ ዋጋዋም ሌላ ነው። ወንድሜ አንዲት ነበረችው። ሽፋኗ ላይ አንዲት አብራሪ ከሚቃጠል አውሮፕላን ስትወርድ ትታያለች። በብዛት በታተመው ላይ ሰማዩ ቢጫ ነው፤ በመንታዋ ላይ ሐምራዊ። የቆሼዋ ሴት ናት ያመጣችለት፤ ከእንቁላል ካርቶን ሥር አግኝታት።

ጓደኛው መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ኮልፌ አብረው ያደጉ ናቸው። እሱም ይሰበስባል፣ ዋጋ ሲያወጣ ግን እንደ ሱቁ ዕቃ ነው፦ ይሄ ኦሪጅናል፣ ይሄ ሰልባጅ፣ ይሄ ፎርጅድ። እሑድ እሑድ ወንድሜ ደጃፍ በርጩማ ያወጣሉ፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በፎጣ ያደርቃሉ፣ ከዚያ ውጭ አገር የተሸጠበትን ዋጋ በየስልካቸው እርስ በርስ እያሳዩ ይነታረካሉ። ወንድሜ፣ «ይቺ መንታ ባጃጅ ታወጣለች፣ ከነሰሌዳው» ይላል። ጓደኛው፣ «የባጃጅ ጎማ። እሱም ያለ ከመነዳሪ። ሰማዩ የጠቆረው ማተሚያ ቤቱ ቀለም ስለተሳሳተ ነው፤ ወላሂ ስሕተት እንጂ መንታ አይደለችም» ይለዋል። ሰውየው ደግሞ ወላሂን በከንቱ አይልም፤ ሱቁ ውስጥ እንኳ ያላመነበትን ዕቃ ምሎ አይሸጥም። ወንድሜ ይበሽቃል፣ አኩርፎ ይገባል፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ከእንደገና። ስንት ዓመት እንዲህ ሲሆኑ አንዱም ፍንክች አላለም። «ገዢ ሳይኖር ምን ዋጋ ዋጋ ትላላችሁ?» ብዬ ስቆጣ ሁለቱም እንደ ሕፃን ነው የሚያዩኝ። መጽሔቶቹን እኔን አያስነኩኝም፤ ለምን እንደሆነም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ይሄን ባለመጠየቄ ዛሬ ድረስ ራሴን እረግማለሁ።

ክረምት ገባና ወንድሜ ታመመ። ሆዱ አበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ጉበት ነው ተባለና እዚያው ሰፈሩ ያለው ሆስፒታል ተኛ። ሲተኛ የቤቱን ቁልፍ ሰጠኝና፣ «ሚጢ፣ ጣሪያው ያፈሳል። ሌላው ይቅር፣ መንታዋን አደራ» አለኝ። ሄጄ ሳይ ውኃው ግድግዳውን ተከትሎ ወርዶ የካርቶኑን አንድ ጎን አርሶታል። እሷ አልተነካችም። ፌስታል ውስጥ ከትቼ፣ ደረቴ ላይ ይዤ፣ በታክሲ ሱቄ አመጣኋት።

እኔ እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው የሚሳሳለትን ወረቀት በፕላስቲክ ሳሽግ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዲፕሎማ፣ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሟች ፎቶ። ሰው የሚወደውን ይዞ ይመጣል፣ ማሽኑ ውስጥ አስገባለታለሁ፣ ሞቆ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዝናብ አይነካው፣ አይጥ አይበላው። ታዲያ ለማያውቀኝ ሰው ያደረግኩትን ለወንድሜ ልንፈግ? ሱቁን ከውስጥ ዘጋሁ። የዛጉትን የስቴፕለር ሽቦዎች በቢላ ነቀልኩ። ጠርዟ ተበልቶ ነበርና በወረቀት መቁረጫው ዙሪያዋን አስተካከልኩት። ከዚያ ሽፋኗንም ገጾቿንም አንድ በአንድ ላሚኔት አደረግኩና በስፓይራል ጠረዝኳት። አብረቀረቀች። ወንድሜ ሲያያት ምን እንደሚል እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ ስል ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት ሆስፒታል ሄድኩ። ጓደኛው ቀድሞኝ ደርሶ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥለታል። ወሬያቸው ያው ነው። ወንድሜ በደከመ ድምፅ ስለ አንድ ውጭ አገር ያለ ሰብሳቢ ያወራል፤ ሰውየው የተቀደደ ገጽ በስኮች ለጥፎ የመጽሐፉ ዋጋ በዚያው ዕለት ሞተ።

«በስኮች ብቻ» አለ ጓደኛው፣ ራሱን እየነቀነቀ።

«እንደተወለደች ናት የምትፈለገው» አለ ወንድሜ። «ታርጅ፣ ትቀደድ፣ ግን ከማተሚያ ቤት እንደወጣች። ማስተካከል ብሎ ነገር የለም። ያስተካከላት ገደላት።»

ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ዚፑን ግማሽ ድረስ ከፍቼዋለሁ። መልሼ ዘጋሁት። ወንድሜ ዞር ብሎ፣ «ሚጢ፣ መንታዬ ደህና ናት?» አለኝ። «ደህና ናት ጋሼ፣ ደረቅ ቦታ ናት» አልኩት። ከሷ በላይ የደረቀ ወረቀት አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም።

ስወጣ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠራኝ። «ከዚህ በላይ የምናደርግለት ነገር የለም። ቤት ብትወስዱት ይሻላል» አለኝ። «ለሱ እንዳትነግሩብኝ» አልኩት። በኛ ዘንድ ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ የሚያኖረው ተስፋው ነው ይባላል። እናታችን ልትሞት ስትል እንዲሁ አድርገናል፤ ያኔ የሁላችንን አፍ ያስያዘው ራሱ ወንድሜ ነበር። እንግዲህ ሁለት ነገር ደብቄ ቤቴ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ቀን ያስለቀሰችኝ መጽሐፏ ናት። የሐኪሙ ቃል ገና ጆሮዬ ላይ እንጂ ልቤ ውስጥ አልገባም ነበር።

ሁለት ቀን ቆይቶ ጓደኛው ሱቄ መጣ። ወንድሜ ነው የላከው። አልጋው ላይ ሆኖ ስልኩ ላይ አዲስ ነገር አንብቧል፦ እውነተኛዋ መንታ የኋላ ሽፋኗ የታችኛው ጠርዝ ላይ በጣም ትንሽ ቁጥር አለች፤ በስሕተት የታተመችው ግን የላትም። ቁጥሯ ካለች ወንድሜ ረታ፣ ከሌለች ጓደኛው ረታ። የስንት ዓመት ክርክር በአንዲት ቁጥር ሊያልቅ ነው። «እስቲ አምጫት እህቴ» አለኝ መነጽሩን እየጠረገ። ምን ላድርግ፣ አወጣሁለት።

ስፓይራሉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ገለበጣት። የታችኛው ጠርዝ የለም፤ ቆርጬዋለሁ፣ ቁራጩም ከሱቁ ቆሻሻ ጋር በማግስቱ ተጭኖ ሄዷል። ከቆሼ ወጥታ ቁጥሯ ቆሼ ተመለሰች።

«እህቴ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አበሰልሻት እኮ።»

ያኔ ነው ሁሉንም የዘረገፍኩት፣ ሐኪሙ ያለኝንም ጨምሬ። ሰውየው ኮፒ ማሽኑን ተደግፎ አለቀሰ። ደንበኛ ገባ፣ አየንና ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ተማከርን። ወንድሜ ምንም ሳያውቅ፣ ረትቶ ይሂድ አልን። ቁጥሯን አየኋት ብሎ ጓደኛው ይነግረዋል፤ ከኔ ይልቅ እሱን ያምናል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ጓደኛው እንደቆመ ጉሮሮውን ጠረገ። «ረታኸኝ» አለ። «ቁጥሯ አለች። መንታ ናት። ባጃጅ ታወጣለች፣ ከነሰሌዳው።» ወንድሜ ትራሱ ላይ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ደገፍኩት፣ አጥንት ብቻ ሆኗል። ይደሰታል ብዬ ስጠብቅ ጓደኛውን ትክ ብሎ አየው።

«ወላሂ በላ» አለው።

ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

«እስቲ ወላሂ በል» አለው እንደገና።

«ሶላት ደርሶብኛል፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ ሁለታችንም ለውሸት አልተፈጠርንም።

«ሚጢ» አለኝ ወንድሜ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ። «ይሄ ሰው በሕይወቱ ረታኸኝ ብሎኝ አያውቅም። እንግዲህ ወይ መንታዋ አንድ ነገር ሆናለች፣ ወይ እኔ አልቆልኛል። የትኛው ነው?»

ስንት ቀን ስሸሸው የነበረውን ነገር ያኔ ሮጬ ያዝኩት። «መንታዋ ናት» አልኩት። ሱቅ ጥያት መሄድ እየፈራሁ ሁልጊዜ ይዣት ነበር የምዞረው፤ ከቦርሳዬ አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሽቦውን፣ ጠርዙን፣ ማሽኑን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ገለጥ ገለጥ አደረጋት፤ ፕላስቲኩ ይንቋቋል። ሽፋኗ ላይ ያለውን ሐምራዊ ሰማይ በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰ ስል እየሳቀ ነው።

«ስፓይራል» አለ። «ሚጢ፣ ስፓይራል?»

«ይቅር በለኝ ጋሼ» ብዬ እግሩ ላይ ተደፋሁ።

«ተነሺ እባክሽ። መጽሐፍ አይደለች እንዴ? እኔ እኮ የሞትኩ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «በይ ራበኝ፣ ሾርባ አምጪልኝ።»

ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ራበኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። አመነኝ ብዬ ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።

ከዚያ ቤቴ ወሰድኩት፤ «ተሽሎሃል ብለው ነው የለቀቁህ» አልኩት፣ እሱም «ይመስገን» አለ። መንታዋን ሾርባው እንዳይፈስበት ሳህኑ ሥር ያነጥፋት ነበር፤ «አሁን ለአንድ ነገር በጀች» ይላል። ጓደኛው ሱቁን እየዘጋ በየቀኑ ይመጣል። አንድ ቀን ወንድሜ ሳህኑን አንስቶ፣ «አሁንስ ስንት ታወጣለች?» አለው። ጓደኛው መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች መረመራት። «የባጃጅ ጎማ ውስጥ ያለውን ንፋስ» አለው። «ወላሂ?» «ወላሂ።» ወንድሜ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላ አረፈ።

አርባው ዕለት እንግዳው ከተበተነ በኋላ ጓደኛው ወደ ኋላ ቀረ። «እህቴ፣ አንድ ነገር ከሆዴ ይውጣልኝ» አለኝ። ያን ዕለት እኔ ሾርባ ልገዛ ስወርድ እሱ ከሶላት ተመልሶ ክፍሉ ገብቶ ነበር። ወንድሜ መንታዋን ደረቱ ላይ አድርጓት አገኘው። «መጽሐፏ ናት አለችኝ» አለው። «መጽሐፏ ብቻ ናት? ወላሂ በል።» ሰውየው አሁንም አልቻለም። ወንድሜ፣ «እሺ» አለ። ከዚያ፣ «ለሚጢ ማወቄን እንዳትነግራት። ደብቄዋለሁ ብላ ቀልሏታል» አለው።

እኔ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ሾርባውን ይዤ። ወንድሜ አንድ ማንኪያ ቀመሰና ጨው የለውም ብሎ ተቆጣኝ። ቁጣው ተመለሰለት ብዬ ደስ እያለኝ ጨው ፍለጋ ደረጃውን እንደገና ወረድኩ።