ወንዙን የከሰስንበት መጋዘን

ሲይዙን ዳኛው ማሰሮውን ገና ከራሳቸው ላይ አላወረዱም ነበር።

በሩን በሰደፍ በርግደው የገቡት አስካሪዎች፣ የጥልያን ቅጥር ወታደሮች፣ መጀመሪያ ያዩት እሳቸውን ነው፦ በጥጥ እስር ላይ የተቀመጠ፣ ጋቢውን ያጣፋ፣ በራሱ ፈንታ ማሰሮ ያለው ሰው። ፊት የነበረው አስካሪ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ከማሰሮው ውስጥ «ማነው ችሎት የሚረብሽ?» የሚል ድምፅ ወጣ። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። የጎዳን ያ ሳቅ ነው። አስካሪው በእሱ የተሳቀበት መሰለው፤ ጠመንጃውን አዙሮ ማሰሮውን መታው። ሸክላው ተፈረካክሶ ወደቀና ከውስጡ ደም የለበሰ የሽማግሌ ፊት ወጣ። ሰዉ በጓሮ በር ተጋፍቶ አመለጠ። የጨዋታው ባለቤቶች ግን ተያዝን።

ቦታው የቀወቷ ሮቢት ነው፤ ከገበያው በታች ያለ የቆርቆሮ መጋዘን። ባለቤቱ በይፋት ቆላ ሁሉ የታወቁ ጥጥ ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ጥልያን ከገባ ወዲህ የሲራራ ንግዱ ስለተቋረጠ መጋዘኑ ባዶውን ይውላል። እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሳለሁ ቴአትር አይቼ ነበር። ከተማዋ ስትያዝ አጎቴ ወዳለበት ወደ ቀወት ወረድኩና ለሐጂ ጥጥ መዛኝ ሆንኩ። ሥራ ስናጣ፣ ሰው ከገበያ ሲፈታ፣ በጥጥ እስሮቹ መሀል ጨዋታ ማሳየት ጀመርን። ቴአትር የሚለውን ቃል የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሰዉ «የሐጂ ቤት ጨዋታ» ይለው ነበር።

ያስያዘን ጨዋታ ዳኛውን ከሚሆኑት ሽማግሌ ቀልድ የመጣ ነው። የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመሬት ሙግት የጨረሱ። አንድ የገበያ ቀን አዋጅ ተነገረ፦ ከፀሐይ ግባት በኋላ ያለ ይለፍ ወረቀት የተንቀሳቀሰ ይቀጣል። ሽማግሌው ሰምተው «እንግዲህ ወንዛችን ሮቢም ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ ነው የሚያድረው፤ ይያዝና ይጠየቅ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተን። ወንዙ ተይዞ ችሎት ይቀርባል። ዳኛው ራስ የለውም። ምስክሮቹ ድንጋዮች ናቸው፤ ዳኛው አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ማሰሮው ጆሮ ያስጠጋቸዋል፣ ቃላቸውንም ይሰማል። ወንዙ መልስ አይሰጥም። በመጨረሻ ወደመጣበት፣ ወደ ደብረ ሲና ተራራ፣ ሽቅብ እንዲመለስ ይፈረድበታል። ወንዙ ግን አይዞርም፤ በተመልካቹ መሀል አልፎ በበሩ ይወጣል።

ወንዙን የምትሆነው የጥጥ ፍሬ የምታወጣልን ሴት ነበረች። እትዬ እላት ነበር። ባሏ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም፤ አንዲት ጡት የጣለች ሴት ልጅ አለቻት። ያልተፈተለ ጥጥ ከትከሻዋ እስከ መሬት ለቅቃ ስትራመድ ቤቱ ሁሉ ፀጥ ይል ነበር። ጨዋታው ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቁኝ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ሰዉ ሲያይ ይስቃል፤ ሲወጣ ግን አያወራም ነበር።

እስር ቤት ፍለጋ አልሄዱም፤ እዚያው ቆለፉብን። ሐጂ በገዛ ቤታቸው፣ እኛም በመድረካችን ላይ ታሰርን። እትዬን በሳንቃ በተለየችው የሚዛን ክፍል አስገቧት። በማግስቱ ያለ ይለፍ ወረቀት የተያዙ ገበሬዎች ተጨመሩ።

ቆላ ተወልዶ ያደገ ፀሐይ አይፈራም ይባላል። ከቆርቆሮ በታች ያለችውን ፀሐይ ግን ቆለኛም አያውቃትም። ረፋዱ ላይ ጣራው መንጣጣት ይጀምራል፤ ግድግዳውን የነካ ክንድ ይላጣል። የጥጡ ብናኝ በላባችን ላይ ይለጠፋል፣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ውሃ በቀን አንዴ ቀትር ላይ፣ በነዳጅ ቆርቆሮ ይመጣል። ጋዝ ጋዝ ይላል። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጣሳ ይደርሰናል፤ እሷን ይዘን እስከ ነገ ነው። ማታ የወንዙ ድምፅ ይሰማናል። ከገበሬዎቹ አንዱ ጆሮውን በጥጥ ይደፍን ነበር።

የሚመረምረን የጥልያን ሻምበል፣ ካፒታኖው፣ ቀጭን ሰው ነው፤ አንገቱን በመሐረብ መጥረግ አያቆምም። አጠገቡ አስተርጓሚ ይቆማል፤ የኛው አገር ሰው ነው፣ አማርኛው የጠራ።

«ወንዙ ማነው?» አለኝ ካፒታኖው በእሱ በኩል።

«ወንዝ ነው፣ ጌታዬ።»

«ወንዝ የምትሉት የትኛውን ሽፍታ ነው?»

«ሽፍታ አይደለም። ሮቢ ነው።»

«ከደብረ ሲና ገደል በሌሊት የሚወርደው ማነው ታዲያ?»

«ውሃ ነው።»

በአለንጋ ገረፉኝ። በሌላው ቀንም ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ማሰሮውስ የትኛው ጄኔራል ነው? ድንጋዮቹስ እነማን ናቸው? የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ አንዱም አልጠቀመኝም። በሦስተኛው ምርመራ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ምናልባት ወንዙ ሰው ይሆን? ስሙን ባውቀው ኖሮ እነግረው ነበር ይሆን?

ሽማግሌው ላይ ወባ ተነሳባቸው። ግንባራቸው ላይ ያለው ቁስልም መግል ያዘ። ሐጂ ከውሃቸው እየቀነሱ ከንፈራቸውን ያረጥቡላቸው ነበር። እትዬ ደግሞ በሳንቃው ስንጥቅ ትጠይቃለች።

«ጋሼ እንዴት ዋሉ?»

«ችሎት ላይ ነኝ በላት» ይሉኛል ሽማግሌው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

አንድ ቀን አስተርጓሚው ብቻውን ገባ። «ካፒታኖው እንዲህ ይላል» አለ ጮክ ብሎ፣ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እንዲሰማ። «እንደምትሉት ተራ ጨዋታ ከሆነ ነገ አሳዩኝ። ክፉ ነገር ካላገኘሁበት እፈታችኋለሁ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር መሰለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንዙ ይመለስ። ሰማህ? መጨረሻ ላይ ይመለስ።»

ሲወጣ ሐጂ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ።

«እኔ እመለሳለሁ» አለች እትዬ ከሳንቃው ወዲያ።

«እትዬ፣ አሁን የግድ—» አልኩ።

«ልጄን ያስቀመጥኳት ጎረቤት ዘንድ ነው። እነሱም የሚበሉት የላቸውም። ሽቅብ ሂጂ ካሉኝ ሽቅብ፣ ቁልቁል ካሉኝ ቁልቁል እሄዳለሁ። ብቻ ከዚህ ልውጣ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ትቀየሙኛላችሁ?»

ሽማግሌው ከተኙበት ቀና ለማለት ሞከሩና አቃታቸው። «ልክ ነሽ ልጄ» አሉ ተኝተው። «ወንዝ ልጅ የለውም። አንቺ አለሽ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ካፒታኖው ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ፣ አስካሪዎቹ ከኋላው ቆሙ። ሌላ ማሰሮ ከወጥ ቤታቸው አመጡልን፤ ጥላሸቱ ያልተፋቀ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል። ሐጂና እኔ ሽማግሌውን በብብታቸው ይዘን ጥጥ እስሩ ላይ አስቀመጥናቸው። ሰውነታቸው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ማሰሮውን ላጠልቅላቸው ስል እጄን ይዘው «አጥብቀህ አድርገው፤ ራሴ ሲንቀጠቀጥ እንዳይታይ» አሉኝ።

ተጀመረ። እኔ ከሳሽ ሆኜ ወንዙን አቀረብኩ። እትዬ ጥጧን እየጎተተች ገባች፤ ከስታለች፣ ዐይኗ ጎድጉዷል። ዳኛው ድንጋዩን አንስተው ወደ ማሰሮው ጆሮ ሲያስጠጉ ከኋላ ያለ አንድ ወጣት አስካሪ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። አስተርጓሚው እየተከተለ ለካፒታኖው ያንሾካሹካል። ዳኛው ሳይሳሳቱ እስከ ፍርዱ ደረሱ። ድምፃቸው በማሰሮው ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አላዋቂ ሰው ቁጣ ይመስለዋል።

«ወንዝ ሆይ! ያለ ይለፍ ወረቀት በሌሊት ስትፈሺ ስለተገኘሽ፣ ወደመጣሽበት ተራራ ሽቅብ ተመለሺ!»

እትዬ ቆመች። በሩ ፊት ለፊቷ ክፍት ነው፤ ውጪው ብርሃን ነው። ከዚያ ዞረች። ጥጡ እግሯ ላይ ተጠመጠመ፤ እሱን እየረገጠች፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ወደ ሚዛኑ ክፍል ሄደች።

ካፒታኖው ፈገግ አለ። አጨበጨበ። አስካሪዎቹም ተከተሉት።

ጭብጨባው ሳያልቅ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን አንስተው ማሰሮውን ከራሳቸው አወለቁ። ጎናቸው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ፊታቸው ላይ ላብና ጥላሸት ይወርዳል።

«ልጄ» አሉ። «ቀና በይ። ጠማማ ፍርድ የፈረድኩት እኔ ነኝ፤ ሐፍረቱም የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ቀና ብለሽ ሂጂ።»

እትዬ ቀና አለች። ካፒታኖው ወደ አስተርጓሚው ዞሮ ምን እንዳሉ ጠየቀ። አስተርጓሚው ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ወለሉን አየ። ተማሪ ቤት የቀመስኳት ፈረንሳይኛ ጥልያንኛቸውን ለመገመት ትንሽ ትረዳኝ ስለነበር መልሱ ገባኝ። «ጨዋታው አለቀ ነው የሚሉት» አለ።

ካፒታኖው ሞኝ አልነበረም። ማሰሮውን፣ ሽማግሌውን፣ ሴትዮዋን እያፈራረቀ ተመለከተ። አንገቱን ጠረገና ተነሳ። «ወንዟ ትሂድ፤ ታዝዛለች» አለ። «የተቀሩት ይቆዩ።»

ሲያስወጧት እትዬ ከዘበኛው እጅ አመለጠችና የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች። «ሂጂ፣ ልጅቷን አብሊያት» አሏት። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ።

ሽማግሌው ሌሊቱን ቃዡ፤ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ሐጂ ዐይናቸውን ከደኑላቸው። ዘበኛው አየና ከገበያው ማዶ ጉድጓድ እንዳለ፣ ከሰዓት በኋላ ጎትተው እንደሚጥሏቸው ነገረን። ጎትተው ነው ያለው።

ቀትር ላይ ውሃው መጣ። እያንዳንዳችን ጣሳችንን ተቀበልን። ሐጂ ጣሳቸውን ይዘው ሳይጠጡ ሬሳው አጠገብ ተቀመጡ።

«በእናንተ ወግ አጠባው ከየት ይጀመራል?» አሉኝ።

«አላውቅም ሐጂ። አጥቤ አላውቅም።»

«ቄስ የለም። እኔ በማውቀው ባጥባቸው ይከፋሃል?»

«ይጠቧቸው» አልኩ።

ነጩን ጥምጥማቸውን ከራሳቸው ፈቱ። ርዝመቱ ሲዘረጋ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ከጫፉ ቀደው አንዱን ማጠቢያ አደረጉት፣ ሌላውን ለመግነዝ አስቀመጡት። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ከጣሳቸው እያፈሰሱ ፊታቸውን፣ የቆሰለ ግንባራቸውን፣ ጥላሸቱን አጠቡ። የሳቸው ውሃ አንገት ላይ አለቀ። የኔን ሰጠኋቸው፤ ደረት ላይ አለቀ። ዞር ብዬ ገበሬዎቹን አየሁ። ማንንም አልለመንኩም። አንዱ ተነስቶ ጣሳውን አመጣ። ሌላው፣ ያ ጆሮውን በጥጥ የሚደፍነው፣ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። አንድ ጉንጭ ጠጣ። ከዚያ የቀረውን አመጣና «ለእግራቸው ይሁን» አለ፤ አለቀሰ። እኔ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ ገበሬዎቹ ተቀበሉኝ። ሐጂ እስክንጨርስ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ፣ ከዚያ በጥምጥማቸው ጠቅልለው ገነዟቸው።

አስካሪዎቹ ሲመጡ አንደኛው ገመድ ይዟል። ነጩን ግንዝ አየው። ወደኛ ተመለከተ፤ ከንፈራችን ተሰነጣጥቋል፣ ጣሶቻችን ባዶ ናቸው፣ ወለሉ እርጥብ ነው። ገመዱን በትከሻው ላይ አንጠለጠለና ጓደኛውን ጠራ። በራስጌና በግርጌ ይዘው አነሷቸው። ተሸክመው ነው የወጡት፤ አልጎተቷቸውም።

እኛም ሌላ ቦታ ተዛውረን፣ ብዙ አይተን፣ በመጨረሻ ወጣን። እትዬን ዳግመኛ አላየኋትም። ልጇን አዝላ ወደ ዘመዶቿ ወደ ደጋው ወጣች አሉኝ። ጉድጓዱ የነበረበት ስፍራ ዛሬ የሽንኩርት ማሳ ነው። አንዳንዴ ወርጄ ዳሩ ላይ እቆማለሁ። ባለማሳው ወጣት ነው፤ ሽንኩርት ልገዛ የመጣሁ መስሎት ዋጋ ይነግረኛል። እኔም ዋጋውን ሰምቼ እመለሳለሁ።

ሐጂን ከነጻነት በኋላ አጣዬ ሱቅ ከፍተው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ስለ ጨዋታው አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁ። ልሰናበታቸው ስነሳ ግን እጄን ያዙኝ።

«ያን ቀን ጠምቶህ ነበር?» አሉኝ።

«በጣም።»

«ወላሂ፣ አንተ ባታየኝ ኖሮ አንድ ጉንጭ እወስድ ነበር።»

«እኔም እርስዎ ስላዩኝ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሐጂ ካለፉ ቆይተዋል። በዚያ ዘመን ስለነበረ ጀግንነት ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እውነታቸውን ይሆናል። እኔ በነበርኩበት ቤት ያየሁት ግን የደከሙ፣ የፈሩ፣ የጠማቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ አንዱን እያየ ነበር፤ ያ በቃን።