ሞተሩን አጥፋውና እንስማ

የመኪና ሬዲዮ ጠጋኙን አጎቴን መተማ ዮሐንስ ከተማ ውስጥ የሚያውቃቸው ሁሉ በአንድ ንግግራቸው ያስታውሳቸዋል። ሬዲዮው እየተንጫጫ ያስቸገረው ሾፌር ሲመጣ፣ ምንም ሳይነኩ «እስቲ ሞተሩን አጥፋውና እንስማ» ይሉ ነበር። ጩኸቱ ከሞተሩ ጋር ከጠፋ ችግሩ የዲናሞው ወይም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የማሳው ሽቦ ነው፤ ካልጠፋ ስፒከሩን ይፈታሉ።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ የጀመረ ሰሞን አንድ ሾፌር ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ተሻግሮ መጣ። እናቱ ካርቱም ቀርታለች፤ ስልኳ አይሠራም። ወሬ የሚያገኘው ከመኪናው ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ እሱም ይንጫጫል። አጎቴ የላላውን የማሳ ሽቦ ዝገቱን ፍቀው አጥብቀው አሰሩለት። ድምፁ ጠራ። ዜናው የእናቱ ሰፈር መደብደቡን ሲናገር ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አጎቴ «አይዞህ ልጄ» ብለው ጋቢና ገብተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሌሎች መኪኖች ቢጠብቋቸውም እስኪመሽ አልወረዱም።

ባለፈው ሳምንት ያው ሾፌር እናቱን ይዞ ወደ አጎቴ ሱቅ መጣ፤ በሕይወት አግኝቷታል።

«አጎትሽ የት አሉ? እናቴን ላሳያቸው ብዬ ነው» አለኝ።

ማረፋቸውን ነገርሁት። እናቱ ከመኪናው ወርዳ፣ በተዘጋው ሱቃቸው ፊት እጆቿን ዘርግታ በአረብኛ ዱዓ አደረገችላቸው። እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን አልሁ።