ጋሪው እስኪያልፍ

ከቀፊራ ገበያ የሚመለስ ጋሪ ደረቁን ወንዝ ሲሻገር ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከድልድዩ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈልጋል። የጥፋተኞች መቀመጫ ነበር።

በእኛ የአሸዋ ኳስ ቀይ ካርድ አልነበረም። የጠለፈ ወይም የተሳደበ ተጫዋች ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ የሚነሣው ከዚያ በኋላ የመጣው ጋሪ ወንዙን ተሻግሮ ጎማው ማዶ ያለውን አስፋልት ሲነካ ነው። እስከዚያ ቡድኑ አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል። ሌሎች ቡድኖች ይህችን ጊዜ እንደ ሲሳይ ይጠብቋታል። እኛ ግን በሰው ስንበልጥ ጎል ማግባት አይሆንልንም ነበር።

አሰልጣኛችን ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ጫማ የሚሸጥ ሰው ነው። በንግዱ የመጀመሪያውን ዋጋ ተቀብሎ እንደማያውቅ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ዕድል እንድንመታም አይፈልግም። ትርፉ ሰው ከጎሉ ግራ ቋሚ አጠገብ ይቆማል፤ ሌሎቻችን ኳሷን በግማሽ ክብ እናዞራለን። እሱ ከዳር ሆኖ «ቆይ! የተሻለ ይመጣል!» ይላል። በግራ በኩል ደግሞ አሸዋው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል፤ እዚያ የቆመ ልጅ ኳስ ሲደርሰው መጀመሪያ እግሩን መንቀል አለበት። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ።

«አንተ ዝምተኛው፣ ስትናገር ደግሞ አሸዋ ትቆፍራለህ።»

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከማዶ ሰፈር ልጆች ጋር ነበር። ያሸነፈ የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ በድልድዩ ጥላ ሥር ይጫወታል፤ የተሸነፈ ወደ ታች፣ ወደ ፀሐዩ ይወርዳል። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ ይህ ከዋንጫ ይበልጣል።

አንድ ለአንድ ሆነን ልንጨርስ ስንል አጥቂያቸው ጠለፈኝና ወደ ድንጋዩ ተላከ። ወዲያው ባዶ የቲማቲም ሣጥን የጫነ ጋሪ ብቅ አለ። ደጋፊዎቻችን ሮጠው አህያዋን ከፊት ያዟት፤ የእነሱ ደጋፊዎች ጋሪውን ከኋላ ይገፋሉ።

«ያ ጀማዓ! አህያዬ ምን አጠፋች? እሷንም ድንጋዩ ላይ አስቀምጧት!» አለ ባለጋሪው።

እንደዚያ ቀን ጊዜ አግኝተን አናውቅም። ኳሷ ከእኔ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ እኔ፣ እንደገና ወደ ቀኝ ሄደች። ጎሉ ሁለት ጊዜ ወለል ብሎ ታየኝ።

«ቆይ! ቆይ!» ይላል አሰልጣኙ።

«አቦ ምታው!» አለኝ ባለጋሪው፣ ከእኔ ብሶበት።

«አንተ አህያህን ንዳ!» አለው አሰልጣኙ።

«በምን ልንዳ? ልጆችህ አንቀው ይዘዋታል!»

ደጋፊዎቻችን ሳቅ አሸነፋቸው፤ እጃቸው ላላ። አህያዋ ተስፈንጥራ ወጣች፤ ጎማው አስፋልቱን ነካ። በዚያችው ቅጽበት ኳሷን ወደ ግራ ሰደድኳት፤ እንደፈራሁት አሸዋው ውስጥ ቀረች። ተከላካያቸው ጠለዛት። ሁላችንም ወደፊት ወጥተን ስለነበር ከኋላችን በረኛችን ብቻ ነው የነበረው። ከድንጋዩ የተነሣው ልጅ፣ ሱሪው ላይ ያለውን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ፣ ብቻውን አገኛትና አገባት።

ጥላው ሄደ።

በሳምንቱ ወደ ፀሐዩ ስንወርድ ከአሰልጣኙ ጋር ለመነጋገር የፈለገ አልነበረም። እሱ ሱቁ ደጃፍ ላይ የሚዘረጋውን ትልቅ ጃንጥላ ተሸክሞ መጣ፤ አንዱ ዘንጉ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። አሸዋው ላይ ተከለው። ጥላው ሁላችንንም አይችልም ነበር። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት እኛን በተራ እያስገባና እያስወጣ፣ እሱ ራሱ ውጪ ቆሞ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ያስተናግደን ጀመር።

ያን ዓመትም በሰው ስንበልጥ ብዙ ጎል አላገባንም። መምታት ነበረብን፤ ዛሬም አሳቤን አልቀየርኩም። ግን ድልድዩ ጋ ስደርስ የሚታየኝ ያመለጠን ጎል አይደለም። ጃንጥላው ሥር ልገባ ስቻኮል፣ ላብ ያጠመቀው እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ፣ «ቆይ፣» ያለኝ ነው። «የተሻለ ቦታ ይለቀቅልሃል።»