ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

በእኛ ሰፈር መንገድ ዳር ድንኳን ከታየ ማንም «ለምንድን ነው?» አይልም። የሚጠየቀው «ማን ነው?» ብቻ ነው፤ እሱም በሹክሹክታ።

ይህን ረስቼው ነበር። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከወላጆቼ ጋር የምኖረው ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ሰፈር በተረፈው ጥግ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ቤቱ ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ መዝገቡ ለእኔ ተሰጠ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ያረጀውን መተዳደሪያ ደንብ በአዲስ ደብተር ስገለብጥ አንድ ፊደል አልሳትኩም። «ድንኳን የሚወጣው ለሞት ብቻ ነው» የሚለውን በቀይ አሰመርኩበት።

በዚያ ክረምት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንዲት ሴት ፕላስቲክ ወጥራ ትኖር ነበር። እሁድ እሁድ ከሰንበት ተማሪዎች ጋር ምሳ ስናድል አውቃታለሁ። ሰፈሩ «ባለፕላስቲኳ» ይላታል። ሐምሌ ላይ ሆስፒታል ወለደችና በማግስቱ ወደዚያው አጥር ተመለሰች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዝናቡ ፕላስቲኩን ቀደደው፤ ሕፃኑም ማሳል ጀመረ።

እንደ ልማዴ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። የእድሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

«ጋሼ፣ ድንኳኑን ለጥቂት ቀን ብናወጣው ብዬ ነበር።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አይወጣም። ደንቡን ራስሽ ነሽ የገለበጥሽው።»

«ሕፃኑን እኮ ያስለዋል።»

«ያሳዝናል ልጄ። ግን ነገ እድርተኛ ቢሞት ለቀስተኛውን ዝናብ ላይ ልናስቀምጠው ነው?»

«እሺ» ብዬ ወጣሁ። ያቺ «እሺ» እስከ ዛሬ ታናድደኛለች።

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሙስሊም ጎረቤታችን ዘንድ ነው። ዓርብ ስለነበር ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ አገኘሁትና ነገርኩት።

«ልጁ ቢሞት ግን ድንኳኑ ይወጣለታል ማለት ነው?» አለ።

ደንቡን በልቤ አገላበጥኩት። «አይወጣለትም። እናቱ እድርተኛ አይደለችም።»

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «በይ ነይ። ቀዩን መስመርሽን በኋላ ታስረጂኛለሽ።»

አብረውት የሰገዱ ሦስት ሰዎች ብረቱን ተሸክመው ድንኳኑን ከአጥሩ ሥር፣ መንገዱ ዳር ተከሉት። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ምንጣፍና ብርድ ልብስ አመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴትየዋ ከነልጇ ደረቅ ቦታ ተቀመጠች።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ አንድ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገና ከመንገዱ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያሉ ገቡ። ሁለት ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ተከተሏቸው። ከታክሲ የወረደ ሁሉ ወደ ድንኳኑ ታጠፈ። አንዷ ንፍሮ ጥዳ እንደመጣች ተናገረች። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠና አጠገቡ ያለውን በሹክሹክታ ጠየቀ፤ የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

ሴትየዋ ለቀስተኛውን አየች። ልጇን ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

«ምን ሰምታችሁ ነው? ልጄ ደኅና ነው። እዩት፣ እየጠባ ነው።»

አፈርኩ። ተነስቼ «ማንም አልሞተም። ዝናብ ገብቶባቸው ነው» አልኩ።

«ታዲያ እኔ ለማን ነው ያለቀስኩት?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«አስቀድመህ ለራስህ ይሆናል» አሏቸው ጓደኛቸው።

እኚያ እናት ግን ወደ ሕፃኑ ጎንበስ አሉ። «አራስ ናት እንዴ?» አሉና ነጠላቸውን እንደ ወትሮው አስተካክለው ለበሱ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ።»

ከዚያ ሌሎቹ ሴቶችም አንድ በአንድ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ይህ ማንም ጽፎት የማያውቅ ደንብ ነው። ንፍሮ የጣደችው ገንፎ ልታገነፋ ሄደች። የጎረቤታችን ሚስት አጥሚት ይዛ መጣች። አንዷ ልጁን ጤና ጣቢያ አሳይታ መለሰችው።

ወደ ማታ ሰብሳቢው ጋቢያቸውን ደርበው መጡ።

«ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጎረቤታችን።

«እኔም ነኝ ጋሼ» አልኩ። «እንደከለከሉኝ እያወቅኩ ነው።»

«ይነቀል።»

«አራስ የተኛችበትን?» አሉ እኚያ እናት። «ይንቀሉዋ። እርስዎ ይጀምሩና እናያለን።»

ከተቀመጠው ሰው አንድም አልተነሳም። ሰብሳቢው ትንሽ ቆሙና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

በአምስተኛው ቀን አንድ እድርተኛ ሞተ። ድንኳኑን ወዲያው ነቅለን አደረስን፤ ለቀስተኛው ዝናብ አልነካውም። አራሷን እኚያ እናት «እስከ ክርስትናው እኔ ጋ ናት» ብለው አንድ ክፍል ቤታቸው አስገቧት። ሳሉ ልጁን ለቀቀው። ክርስትናው ካለፈ ወራት ሆኖታል፤ «ውጪ» ያላት ግን የለም።

በወሩ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ አስጻፉኝ። «ድንኳኑ በስህተት ወጥቶ» አሉ።

«በስህተት አይደለም።»

«እንዲያ ካልጻፍሽ መዝገቡን መልሺ።»

መለስኩ። አባቴ በሰው ፊት አሳፈርሽኝ ብሎ ሳምንት አኮረፈኝ። አሁን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ ጽሕፈቱ አይነበብም ይላሉ። ይቅርታ ብትጠይቂ ይመልሱልሻል ብለው መልእክት የላኩብኝ አሉ።

ሰው ሲቆጣኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቁታል። ይቅርታ ግን አልጠይቅም።