ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መዞር

ሐኪሙ ጆሮዬን፣ ዓይኔንና ደሜን አስመርምሮ ሁሉም ደህና ነው አለኝ። ቀጥሎም «ሐሳብ ታበዣለሽ?» ሲል ጠየቀኝ። አላበዛም አልኩት። ይህን እንደሚጠይቀኝ ጠርጥሬ መልሱን ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት።

ማዞሩ የጀመረኝ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ የእናቴ ስልክ አልሠራ ባለ ጊዜ ነው። በኋላ መንገዱ ተከፈተ፣ ስልኩም ሠራ፣ እናቴም ደህና ነበረች። ማዞሩ ግን ይህን የሰማ አይመስልም። አሶሳ ላይ አጥር እየተደገፍኩ ቢሮ እገባለሁ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ጎንበስ ካልኩ ወለሉ ስለሚነሣብኝ የታችኛውን መደርደሪያ ፋይል ሰው ያወጣልኛል። ጾሙ ነው ሲሉኝ በንስሐ አባቴ ፈቃድ በዐቢይ ጾም ቁርስ በላሁ። ጠግቤም አዞረኝ።

እንዲህ እያለሁ ነው ጎረቤቴ፣ ከወለጋ ተድራ የመጣች ወጣት፣ ሴት ልጇን ክርስትና እንዳነሣላት የለመነችኝ።

«ያዞረኛል እኮ» አልኳት።

«በዚህ ኑሮ ማን የማያዞረው አለ?»

«ብጥላትስ?»

«እዚህ ሌላ ዘመድ የለኝም።»

እምቢ ለማለት አላስቻለኝም።

ያስፈራኝ ማቀፉ አይደለም። የክርስትና እናት ሕፃኗን ታቅፋ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ቆማ ስለ ልጅቷ ሰይጣንን ትክዳለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራ ሃይማኖቷን ትመሰክራለች። መካዱ አያስቸግረኝም። ችግሩ መዞሩ ነው።

ስለዚህ አምስት ኪሎ ማንጎ በነጠላ ጠቅልዬ ግቢዬ ውስጥ መዞር ተለማመድኩ። በሦስተኛው ላይ ማንጎውም እኔም መሬት ላይ ተገኘን። ማንጎውን የሸጡልኝ፣ የበርታ ብሔረሰብ የሆኑ እናት፣ የግቢው በር ላይ ቆመው ያዩኛል። በትከሻቸው ረጅም እንጨት አለ፤ በሁለቱ ጫፍ ዘንቢል ተንጠልጥሏል።

«ማንጎ ምን አደረገህ?» አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ወንድም ሴትም አንተ ነው።

ነገርኳቸው። የእምነታቸው ጉዳይ ባይሆንም በጥሞና አዳመጡኝ።

«አንተ በራስ ይዞራል» አሉ። «ይሄ እንጨት ረጅም ነው። ቶሎ ከዞረ ሰው ይመታል፣ ወላሂ። መጀመሪያ ቁም። ከዚያ እግር፣ ትንሽ ትንሽ። ራስ መጨረሻ ይመጣል።»

ሸክማቸውን ሳያወርዱ፣ በጠባብ ሰፈር እንደሚዞር የጭነት መኪና ዞረው አሳዩኝ። ከዚያ እንጨቱን አስደግፈው የወደቀውን ማንጎ ለቀሙልኝ።

ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ቤት ገባን። ወደ ምዕራብ ቆሜ ሰይጣንን ካድኩ። ከዚያ ቆምኩ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ረጅም እንጨት፣ ዙሪያዬንም ሰው እንዳለ አስቤ እግሬን ትንሽ ትንሽ አዞርኩ። ካህኑ ይጠብቁኛል።

«እኅቴ፣ ምሥራቁ ወዲህ ነው» ብሎ አንሾካሾከ ዲያቆኑ።

«ዐውቃለሁ፤ እየመጣሁ ነው።»

ግድግዳው ጥቂት ተንሸራተተ። እኔ አልተንሸራተትኩም። ልጅቷ ተኝታለች። በመጨረሻ ራሴም ደረሰና ጸሎተ ሃይማኖቱን እስከ ዳር አደረስኩት።

ማግስቱን ጎረቤቴ መጣች። «እንዴት ባለ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው የዞርሽው! ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስላንቺ ነው» አለችኝ። የማይገባኝ ምስጋና ስለሆነ እንቅልፍ ነሣኝ። ሄጄ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ።

«ፈርተሽ ነበር?» አሉኝ።

«በጣም።»

«እግዚአብሔርንስ ጠርተሻል?»

«በየእርምጃው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ሰዉ ምኑን ተሳሳተ?»

መስቀል ተሳልሜ ልወጣ ወደ በሩ መዞር ነበረብኝ። መጀመሪያ ቆምኩ። ከዚያ እግር፣ ትንሽ ትንሽ።